ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል

እዚህ በምኖርበት ውጭ አገር ጎረቤቴ ሞተር እየሠራ ነው። መካኒክ እንዳይመስላችሁ፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። አንድ የሰባዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ፒካፕ አለችው፣ እሷ ላይ ሊጭነው ነው። ሞተሩ ሼቭሮሌ 454 ነው፤ 7.4 ሊትር። ባለ 1300 ኮሮላ አምስት ብትደምሩ አይደርስበትም። በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ከሄደ እሰየው ነው። አዲስ አበባ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ማማተብ ትችላላችሁ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የሚጠጣው ቤንዚን አይደለም። ዕቃውን የሚገዛበት መንገድ ነው።

ከከተማ ወጣ ብሎ ያረጁና የተጋጩ መኪኖች የሚደረደሩበት ግቢ አለ። በር ላይ ጥቂት ዶላር ትከፍላለህ፣ የራስህን መፍቻ ይዘህ ትገባለህ፣ የፈለግከውን ራስህ ፈተህ ታወጣለህ። ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይህን ያህል፣ ካርቡራተር ይህን ያህል፣ ሙሉ ሞተር ይህን ያህል። ከምን መኪና እንደፈታኸው የሚጠይቅህ የለም። ባለ ስምንት ሲሊንደር እስከሆነ ድረስ 5 ሊትሩም 7.4 ሊትሩም አንድ ዋጋ ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሻጩ የሚሸጠውን አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። የሚያውቀው ገዢው ነው።

አንድ ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። አልጋና ማድቤት ያለው፣ የዚህ አገር ሰዎች ለሽርሽር የሚነዱት ዓይነት አሮጌ መኪና አገኘ። የቴስታታውን ክዳን ከፈተ፣ ጥቀርሻውን በጨርቅ ጠረገ፣ በስልኩ መብራት ቁጥር መፈለግ ጀመረ። 336781 ይላል። ሰውዬው ሎተሪ የደረሰው መሰለ። ይሄኛውና 353049 የሚለው አየር የሚያስገቡበት ቀዳዳ ሰፊ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ በወጡት ፒካፖች ላይ ያለው ደግሞ ጠባብ ነው፣ ሞተሩን ያፍነዋል። ግድግዳው ላይ ግን ሁለቱም ያው ቴስታታ ናቸው።

ብሎኩን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና አካል፣ ደግሞ ከኋላ፣ ካምቢዮው በሚታሰርበት በኩል ነው የሚያየው። 3999289 ወይም 361959 ካለ ለ454 የወጣ ብሎክ ነው። ከከባድ መኪናና ከተማሪ አውቶቡስ የሚወጡት 366 እና 427 የሚባሉት ሞተሮች ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ልዩነት የላቸውም፣ ግን ብሎካቸው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም የተለመደው ማኒፎልድ (አየር አከፋፋዩ) አይገጥምላቸውም። ፍላይዊሉም (ከሞተሩ ኋላ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) የራሱ ጣጣ አለው። የ454 ሚዛን የሚጠበቀው በፍላይዊሉና በፊተኛው ባላንሰር ጭምር ነው፤ የ427 ፍላይዊል ካሰርክበት ሲንቀጠቀጥ ይኖራል። ሞተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970 እስከ 2000 ቢመረትም፣ ከ1991 ወዲህ ያለው የኋላ ዘይት ማገጃ ጎሚኒውና የውሃ መንገዱ ስለተቀየረ ከአሮጌው ጋር ዝም ብሎ አይጋባም።

ይህን ሁሉ የነገረው አጎት ወይም አብሮ አደግ የለም። ቁጥሩን ፋብሪካው ብረቱ ላይ አውጥቶታል፣ ትርጉሙ መጽሐፍ ላይ አለ፣ በቃ። ክራንክ ሻፍቱን ለክቶ ደህና ሆኖ ስላገኘው የፋብሪካውን መልሶ ሊያስር ነው። አዲስ የሚገዛው የፒስተን ፋሻ፣ ቤሪንግ፣ ጓርኒሲዮንና የዘይት ፓምፕ ነው። አዲስ መግዛት ያለበት ቦታ ላይ አይቆጥብም፣ በሌላው አንድ ዶላር አያባክንም።

አሁን አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ እንሂድ።

እዚያ የሚያውቀው ሻጩ ነው። የዕቃውን ቁጥር ብቻ አይደለም የሚያውቀው፣ የአንተንም ቁጥር ያውቃል። ከየት እንደመጣህ፣ መቼ እንደምትመለስ፣ መኪናህ የት ቆማ እንደቀረች። "ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ ከዱባይ ትናንት የገባ" ይልሃል። የተጠረገና ቀለም የተቀባ ነገር ይሰጥሃል፣ ቁጥሩ ያለበት ቦታ በሞረድ የተበላ ይመስላል። ዋጋውን ስትጠይቅ መጀመሪያ ፊትህን ያያል። ቀጥሎ ጫማህን። በተለይ ጫማህን። የራሱን ስፖኪዮ መልሶ የገዛ ሰውማ ስንቱን አውቃለሁ፤ እሱ እንኳ ተከራክሮ ነው የገዛው!

መካኒኮቻችን ከጎረቤቴ ያንሳሉ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ኤንትሬ ፊያት የሚባለውን የጭነት መኪና ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ እነሱ ግን ዳገት ያስወጡታል። ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ቁጥር፣ መፍቻውን ሞተሩ ላይ ደግፈው በጆሯቸው ሰምተው "ሦስተኛዋ ናት" የሚሉ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ እጆች ቁጥሩ ያልተፋቀ ዕቃና የተለጠፈ ዋጋ ቢሰጣቸው ምን ይሠሩ ነበር እያልኩ እናደዳለሁ። ጎረቤቴ አንድ ቴስታታ ሲያወርድ ሰፈሩ ሁሉ ቡና ይዞ እየመጣ ያደንቀዋል። የኛው ልጅ በቀን ሁለት ያወርዳል፣ የሚባለው "ቶሎ በል" ነው።

ግን ደግሞ አንዳንዱ ጋራዥ! ወንድሜ የቪትዝ መኪናውን ፍሬን ሊያሠራ አስገብቶ ምሳ በልቶ ሲመለስ ፍሬኑ ተሠርቷል፣ ባትሪው ግን ሌላ ባትሪ ሆኗል። "ያው ነው እኮ፣ አብሮት የመጣ ነው" አሉት። እዚህ ባትሪ ስትገዛ አሮጌውን ካልመለስክ ተጨማሪ ያስከፍሉሃል፣ ስትመልስ ገንዘቡን ይሰጡሃል። እኛ ጋ አሮጌው ዕቃ ለምን መካኒኩ ጋ እንደሚቀር ማንም አይጠይቅም፣ አሁን ደግሞ ደህናውም መቅረት ጀመረ።

ባለፈው አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ ለዚያችው ቪትዝ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ልንገዛ ሶማሌ ተራ ወረድን። ወንድሜ መግቢያው ላይ አቆመኝ። "አንተ እዚህ ሁን፣ አትናገር፣ ወደ እኔም አትይ" አለኝ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ተደግፌ ስልኬን የምነካካ መሰልኩ። ወንድሜ ተከራከረ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ መሐላ ተማማሉ። ዋጋው ሊያልቅ ሲል ሻጩ አንገቱን አስግጎ በወንድሜ ትከሻ በላይ ወደኔ አየና፣

"ጋሼም ይምጡ፣ በፀሐይ አይቁሙ" አለ።

ሁለት ሺህ ብር ጨመረ።