የዳንከን መጫወቻ መደብር ኒውዮርክ ውስጥ የለም

«ሆም አሎን 2» የተባለው ፊልም ላይ የሚታየው የዳንከን መጫወቻ መደብር ዛሬም ኒውዮርክ ውስጥ ክፍት እንደሆነ፣ ለፈረንጆች ገና ልጆችን ይዞ መሄድ እንደሚቻል በርካቶች ጽፋችኋል። ቅር አይበላችሁና፣ መደብሩ ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ከውጭ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1888 ተሠርቶ ያለቀው የቺካጎው ሩከሪ ሕንፃ ነው። ለማረጋገጥ ፊልሙን መደብሩ ፊት ለፊት ስትደርሱ አቁሙት፤ ሰፊውን ቅስት መግቢያ ከሩከሪ ፎቶግራፍ ጋር አስተያዩት። ሰውን የሚያሳስተው፣ የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ ያረፈበት ፕላዛ ሆቴል እውነተኛ መሆኑ ይመስለኛል፤ እሱ ማንሃተን ውስጥ አለ። መደብሩን ፍለጋ ግን ሕፃን ልጅ በታኅሣሥ ብርድ ከመንገድ መንገድ አታንከራትቱ።