ማስተካከያ፦ ስለ ስቲም ኢንጂንና አዳም ስሚዝ የጻፍኩት ላይ

ባለፈው ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ስጽፍ ጀምስ ዋት ስቲም ኢንጂንን (በእንፋሎት የሚሰራውን ሞተር) ፈለሰፈ፣ የኢኮኖሚ ምሁሩ አዳም ስሚዝም በእንፋሎት የሚሰሩ ፋብሪካዎችን አይቶ ነው ስለ ነጻ ገበያ የጻፈው ብዬ ነበር። ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ ይቅርታ፣ ሼር ያደረጋችሁ ይሄንንም አድርሱልኝ።

ማሽኑን ቶማስ ኒውኮመን እ.ኤ.አ በ1712 ከከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውሃ ለማውጣት ሰርቶታል። ዋት ግን ያደረገው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የዚህን ማሽን ሞዴል ሲጠግን ሲሊንደሩ በየዙሩ እየቀዘቀዘ እንደገና ስለሚሞቅ እንፋሎቱ ዝም ብሎ እንደሚባክን አየና እንፋሎቱ ለብቻው የሚቀዘቅዝበት ክፍል ሰራለት፣ የሚፈጀው ከሰል በጣም ቀነሰ።

ስሚዝ ጋ ስንመጣ መጽሐፉ በ1776 ሲወጣ የዋት ማሽን ገና ስራ መጀመሩ ነበር። እሱ ያየው ትንሽዬ የስፒል መስሪያ ቤት ነው፣ 10 ሰው ብቻ፣ አንዱ ሽቦውን ይስባል ሌላው ያቃናል አንዱ ይቆርጣል ሌላው ጫፉን ያሾላል፣ እንዲህ ተከፋፍለው በቀን 48,000 ስፒል ያወጣሉ። የሚገርመው ስራው በእጅ ነው፣ እንፋሎት የሚባል ነገር የለም!

ይሄ ስህተት የከነከነኝ ስሚዝን ከማርክስ ጋር ያወዳደርኩት ሁለቱም አንድ አይነት ፋብሪካ እንዳዩ አድርጌ ስለነበረ ነው። በጭስ የጠቆረችውን ማንቸስተር ያየው የማርክስ ጓደኛ ኤንግልስ ነው፣ አባቱ ድርሻ ባላቸው የጥጥ ፋብሪካ ሊሰራ በ1842 ሄዶ፣ ስሚዝ ከሞተ 52 አመት በኋላ።