ይድረስ ለአያ ጭርት፣ ማጅራቴ ላይ

ጉዳዩ፦ የያዙትን ቦታ እንዲለቁ ስለመጠየቅ

እንደምን ከረሙ አያ ጭርት? ጤናዎን አልጠይቅም፣ እርስዎ ጤና ሲሆኑ እኮ ነው እኔ የምታመመው። እኔማ ምን እሆናለሁ፣ በርስዎ ቸርነት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታዋቂ ሆኛለሁ።

ባለፈው እሁድ ነው። የቀበሌ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ፣ ሰው ሜዳውን ዙሪያውን ከቦታል፣ ዳኛው ታኬታ ሊፈትሽ በተራ በተራ ሲመጣ እኔ እግሬን አንስቼ ሰጠሁት፣ ሰውየው ግን ዓይኑ አንገቴ ላይ ቀረ። "እስኪ ዙር" አለኝ። ዞርኩ። አንገትጌዬን ገለጥ አደረገው፣ በጣቱ መሰለዎት? በእስክሪብቶው ጫፍ! ከዛ ኮሚሽነሩን ጠራ፣ ኮሚሽነሩ ደግሞ ሌላ የማላውቀው ሰውዬ ጠራ፣ ሶስቱም ማጅራቴን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ቆመው አነበቡና "የሀኪም ወረቀት አለህ?" አሉኝ። ለቀበሌ ኳስ የሀኪም ወረቀት ኪሱ ከቶ የሚሄድ ሰው ካለ ያሳዩኝ። "እንግዲያው አትጫወትም፣ ለሌላው ታስተላልፋለህ።" እሺ፣ ትክክል ነው፣ ይተላለፋል፣ አልተከራከርኩም። ግን ትርፍ ማልያ የለንማ! ተቀያሪው የኔኑ ሊለብስ ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊት አወለቅሁ፣ ስገለጥ ደግሞ ከማጅራቴ ሁለት ክቦች ሌላ ደረቴ ላይም አንድ ለካ አስቀምጠዋል፣ ይሄኔ ከአጥሩ ላይ አንዱ "ኦሎምፒክ ነው! ሶስቱ ገብቷል፣ ሁለት ቀለበት ነው የቀረው!" ብሎ ጮኸ፣ ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ሳሟሙቅ በላቤ የራሰውን ማልያ ልጁ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሰልጣኙን አየው። "ልበሰው ባክህ ጨዋታው ሊጀመር ነው" አለው አሰልጣኛችን። እኔ እንዳላስተላልፍ ወጣሁ፣ እርስዎ ግን ማልያው ላይ ሆነው ቋሚ ተሰላፊ ገቡ። ሰኞ ሻይ ቤት ስገባ አስተናጋጇ ሳይቀር "ኦሎምፒክ፣ ምን ላምጣ?"

ወረቀቷን ልፈልግ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍል፣ የመድን ደብተር አልታደሰም፣ ቀበሌ ሂድ፣ ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ ከሰዓት ተመለስ። የምታውቁት ነው አልዘረዝረውም።

ሀኪሙ ግን ደህና ሰው ነው፣ ገና እንዳየኝ አወቀዎት። ዳሩ ቀላ ብሎ ከፍ ያለና የሚቀረፍ፣ መሀሉ የጠራ ክብ፣ ማሳከክ ያለው፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው አለ። ፈንገስ ነዎት አሉ፣ የቆዳን የላይኛውን ሽፋን እየበሉ የሚኖሩ፣ ላብና ሙቀት የሚወዱ፣ ከሰው በፎጣም በልብስም በመነካካትም የሚሻገሩ፣ ከጥጃና ከድመት ሳይቀር የሚመጡ። ክሎትሪማዞል ጻፈልኝ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ክቡን ብቻ ሳይሆን ከዳሩ 2 ሴንቲ ያህል አልፌ እንድቀባ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ የጠፉ ሲመስሉም አንድ ሳምንት እንድጨምር። የአሜሪካ ኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች እንኳን እንዲህ አይነት ሲወጣባቸው ቢያንስ 72 ሰዓት ታክመው ነው ወደ ምንጣፉ የሚመለሱት አለኝ። 72 ሰዓት! እኛ ጋ ማህተም ያዧ ከምሳ እስክትመለስ እሱ ያልቃል።

(ጎረቤታችን እታለም ነጭ ሽንኩርት ደቁሰው ለጥፈውብኝ ነበር፣ እርስዎ ንቅንቅ አላሉም፣ የተላጠው የኔ ቆዳ ነው።)

አሁን ግን አያ ማለቱም አንቱታውም ይቅር። ስማ አንተ ጭርት፣ ስትመጣ እኮ አንዲት ሳንቲም የምታክል ነበርክ። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ አሳየሁት፣ ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል "ይሄ ሁሉንም ያጠፋል" ብሎ ቤታሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ቅባት ሰጠኝ። መቅላቱ ቀነሰ፣ ማሳከኩ ቀነሰ፣ ዳንኩ ብዬ ሰው ሁሉ እንዲገዛው መከርኩ ማለት ይቻላል፣ አንተ ግን ከስር ተንሰራፍተህ አንገቴን ጨርሰህ ደረቴ ላይ ወረድክ። ያ ቅባት አንተን አይገድልም፣ ቆዳዬ አንተን የሚዋጋበትን አቅም ነው የሚያስተኛው፣ መልክህን እንኳን አጥፍቶት ሰው እንዳይለይህ ያረጋል። ይሄን የተማረ ሰው አያውቅም? ያውቃል! ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ቀጣይ!

ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ የታዳጊ ፕሮጀክቱ ልጅ ነው። ከገጠር የመጣ፣ ቤቱ ጥጃ ሲያግድ የኖረ፣ ኳስ እግሩ ላይ የሚያድር ልጅ። ክንዱ ላይ ስትወጣ ጓደኞቹ ሸሹት፣ አንድ ትልቅ ሰው "ድነህ ና" ብሎ አሰናበተው፣ በምን እንደሚድን የነገረው ግን የለም፣ ልጁም በዛው ቀረ። በአንድ ቱቦ ክሬም እጦት! ማልያችን ደግሞ ከጨዋታ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ከማዳበሪያው ወደ ጨዋታ ነው፣ ሳሙና የሚባል ነገር መሀል ላይ የለም፣ ሻወሩ ውሃ የለውም፣ ፎጣው ለአስራ አንዳችን አንድ ነው። ለዋንጫ ሥነ ሥርዓት ድንኳንና ሞንታርቦ የሚከራይ ኮሚቴ ሁለተኛ ዙር ማልያ መግዛት ያቅተዋል?

ስለሆነም ክሬሙ ሳያልቅ ቦታውን ለቀህ እንድትወጣ አሳስባለሁ። ፎጣዬን ለይቻለሁ፣ ከልምምድ እንደወጣሁ እታጠባለሁ፣ የቀበሌው ማልያ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እናቴ ሳሙናውን ስታይ የምትለውን እኔ እችለዋለሁ።

ግልባጭ፦
ለወንድምህ፣ የእግሬ ትንሿ ጣት መሀል (ካልሲ በየቀኑ መቀየር፣ ጣት መሀል ማድረቅ ጀምሬያለሁ፣ ተዘጋጅ)
ለቡድናችን ኮሚቴ፣ ተቀያሪው ልጅ አንገቱን ማከክ ስለጀመረ
ለቆረቆር፣ የሰፈራችን ሕፃናት ራስ ላይ (አንተ በክሬም አትነቀልም፣ የሚዋጥ ኪኒን ነው የሚያስፈልግህ፣ ስለዚህ ካርድ አውጥተህ ወረፋህን ጠብቅ)