ለክቡር የደጃፌ ቦይ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የደጃፌ የጎርፍ መውረጃ ቦይ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ወደ ቤቴ የመግባትና ከቤቴ የመውጣት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ በአጥሬና በመንገዱ መካከል ተቆፍረው ከተደላደሉ ወዲህ በላይዎ ስሻገር ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ ብኖርም፣ በጽሑፍ አቤት ለማለት የተገደድሁት ባለፈው እሑድ በእንግዶቼ ላይ በፈጸሙት ተግባር መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

እንደሚያውቁት በአገራችን ወግ ለሴት ልጅ ሽማግሌ ሲላክ፣ ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲገቡም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ፤ የልጅቱ አባት ደግሞ ኮራ ብሎ ያዳምጥና «ከዘመድ ልምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብሎ ይሸኛቸዋል። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን እንዳረከሰ ይቆጠራል። እኔም ፊቴን አኮሳትሬ ሳሎን ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ከውጭ የሰማሁት «ቤቶች!» የሚል ጥሪ ሳይሆን አጣና ሲሰበርና ውኃ ሲንቦጫረቅ ነበር። ብወጣ፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አባት እስከ ጉልበታቸው በክቡርነትዎ ውስጥ ቆመዋል። የነጭ ጋቢያቸው ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከዘራቸውን ግን እንዳይረጥብ ወደ ላይ አንሥተው ይዘዋል። ሊለምኑኝ የመጡትን ሰው እኔው በብብታቸው ይዤ እየለመንሁ አወጣኋቸው። የግራ እግር ጫማቸው ከክቡርነትዎ ዘንድ ቀረ።

እኒያ አባት በአንድ እግር ጫማ፣ ጋቢያቸው እየተንጠባጠበ፣ ምንጣፌ ላይ ቆመው ንግግራቸውን ሲጀምሩ ኩራት ከየት ይምጣልኝ? «ሌላ ቀን ተመለሱ» እንዳልል፣ መመለስ ማለት እርስዎን እንደገና መሻገር ማለት ነው። ስለዚህ የመጡበትን ጉዳይ እንኳ ተናግረው ሳይጨርሱ እሺ አልሁ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም። በቤቱ ውስጥ በክቡርነትዎ ላይ ቅሬታ የሌላት ልጄ ብቻ ናት።

በማግስቱ፣ ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ወረፋውን እርስዎም አንባቢም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። ባለሙያው የመንገድና የይዞታ መግቢያ ስታንዳርድ በመሻሻል ላይ መሆኑን፣ አሮጌው ስለተሻረ በእርሱ መስተናገድ እንደማልችል፣ አዲሱም ስላልጸደቀ በእርሱ መስተናገድ እንደማልችል፣ ነገር ግን የመኪና መግቢያ ፈቃድ መጠየቂያ ቅጹን ከወዲሁ መሙላት መብቴ እንደሆነ አስረዳኝ። ቅጹ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ ሳይት ፕላን፣ የግብር ክሊራንስ፣ በመጨረሻም መኪናው በመግቢያው ሲያልፍ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይጠይቃል። መኪናው ከሰፈሩ ጫፍ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ አጠገብ እንደሚያድር፣ በመግቢያው ማለፍ ቢችል ኖሮም ፈቃድ እንደማልጠይቅ ብነግረው፣ «ካላለፈማ መግቢያ የለዎትም፤ መግቢያ ከሌለዎት ደግሞ ምን እንፍቀድልዎ?» አለኝ። ማኅተሙ ከፊቱ ነበር፤ ወደ መሳቢያው መለሰው።

ክቡርነትዎን በሕግ ለመሞገት አስቤ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ መሬቱ ወደ መንገድ መውጫ ያጣ ሰው በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እንግዲህ ሕግ አውጪው ጎረቤት መውጫ ሊዘጋ እንደሚችል ጠርጥሯል፤ መንገዱ ራሱ ይዘጋል ብሎ ግን አልጠረጠረም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ በፕላን ዝግጅት ኅብረተሰቡ እንዲሳተፍ ይላል። ሰፈርተኛው ስለ ክቡርነትዎ የተወያየው እርስዎ ከተቆፈሩ በኋላ፣ ለአጣና መግዣ ገንዘብ ሲያዋጣ ነው።

ውኃ የሚያወርዱ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በታገሥሁ። ባሕር ዳር ከጣና ጋር ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠች ሜዳማ ከተማ በመሆኗ፣ ውኃ እንዲሄድላት ቁልቁለቱ በጥንቃቄ ተለክቶ፣ መውጫ ጫፉም መከፈት አለበት። የእርስዎ ጫፍ ግን ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ባለበት ቆመ፤ ሐምሌም የራሱን በጀት ይዞ ገባ። የወባውን ነገር ለጤና ባለሙያዎች ትቼዋለሁ። የባጃጅ ሾፌሮችም በእርስዎ ስም የታሪፍ ጭማሪ ይጠይቃሉ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ይረዝማል። ዓባይን ያህል ወንዝ ያሻገረች ከተማ እኔን ከበሬ እስከ መንገዱ ማሻገር ምኑ ከበዳት?

አንድ ነገር ግን በሽሙጥ ልጽፈው አልቻልሁም። ከእኛ ሦስት በር አልፎ ያለች ጎረቤታችን ሌሊት ምጥ ሲይዛት፣ አምቡላንሱ መጥቶ መብራቱን እያበራ ከእርስዎ ማዶ ቆመ። ጎረምሶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ በዝናብ በራሰ አጣና ላይ፣ በስልክ መብራት ተሻገሩ። ከፊት የያዘው ልጅ እግሩ ከድቶት ቃሬዛው ሲያጋድል የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን ቀሰቀሰ። ልጁ ባይበረታ ሁለት ነፍስ በእርስዎ ውስጥ ነበር። ይህን የቆፈረ ሰው ንድፉን ሲፈርም በየአጥሩ ላይ በር እንዳለ አላየም? ወይስ አይቶ ዝም አለ? የትኛውም ቢሆን ስሙ በሥራው ወረቀት ላይ ይገኛልና ሊጠየቅ ይገባል!

አዲሱ ስታንዳርድ ገና አልጸደቀም ስለተባልሁ፣ የሚከተለው አንቀጽ እንዲጨመርበት ክቡርነትዎ እንዲያማልዱኝ እለምናለሁ፦ «በይዞታ ደጃፍ ቦይ የሚቆፍር ማንኛውም አካል፣ ቁፋሮውን በጀመረበት ቀን በየበሩ ላይ ተሽከርካሪ የሚሸከም የኮንክሪት ክዳን ያስቀምጣል፤ ወጪውም የፕሮጀክቱ ነው፤ ባለይዞታው ፎቶግራፍ አይጠየቅም።»

ከሰላምታ ጋር
ከክቡርነትዎ ማዶ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለላይኛው ሰፈር ቦይ፣ ለመረጃ
ለአጣና ነጋዴዎች፣ ለምስጋና
ለጣና ሐይቅ፣ ጫፍዎ የተከፈተ ዕለት የሚመጣበትን አውቆ እንዲጠብቅ