ማስተካከያ፦ ጠንቋዮቹ ማክቤዝን «ግደል» አላሉትም

ስለ ሼክስፒር ተውኔት «ማክቤዝ» ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ሦስቱ ጠንቋዮች የጦር አዛዡ ማክቤዝ የስኮትላንዱን ንጉሥ ዳንከንን እንዲገድል እንዳዘዙት ተገልጿል። ትክክል አይደለም። ስለ ዙፋኑ ያሉት ንጉሥ እንደሚሆን ብቻ ነው። ግድያውን ያሰበው እሱ ራሱ ነው። እንዲያውም አንዴ «ይቅርብን» ብሎ ነበር፤ ሚስቱ ወንድነቱን ነካክታ መለሰችው።

ጽሑፉ የቀጣዮቹንም ግድያዎች ጥፋት በሚስቱ በሌዲ ማክቤዝ ላይ ጭኗል። ይሄም ይታረም። ማክቤዝ ባንኮን፣ ያን የጦር ሜዳ ወዳጁን፣ ሲያስገድል ሆን ብሎ ደብቋታል። የተቃወመውን መስፍን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስፈጅ ደግሞ ማንም አልጎተጎተውም። ለመጀመሪያው ግድያ ያን ያህል ያመነታ ሰው፣ እዚህ ላይ ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰደም።

በነገራችን ላይ፣ በታሪክ የሚታወቀው ዳንከን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1040 በውጊያ ነው፤ እንደ ተውኔቱ አልጋው ላይ ተኝቶ አይደለም።