ፍሬን የቀየረ ሰው ለምን ይቀጣል?

አንድ የጥንታዊ መኪና ወዳጆች ማኅበር በዓመታዊ ትርዒቱ ላይ ፋብሪካው ያልገጠመለትን ፍሬን ያስገጠመ መኪና ነጥብ እንዲቀነስበት ሰሞኑን ወስኗል። ለውሳኔው የተሰጠው ምክንያት ደግሞ ከውሳኔው የባሰ ነው፦ «መኪናው በዚሁ ፍሬን ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲቆም ኖሯል።»

ትናንት መቆሙ ለነገ ዋስ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? እ.ኤ.አ. የ1965ቱን ፎርድ ሙስታንግ ኮፈን ከፍቶ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ አንድ ነው፤ አራቱም እግሮች የሚጠጡት ከእሱ ነው። በአንደኛው እግር ውስጥ ያለች ጎሚኒ ብትቀደድ፣ ወይም አንድ የዛገ ቱቦ ቢፈነዳ፣ ዘይቱ በዚያ በኩል ያልቃል፤ ፔዳሉ ወለል እስኪነካ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን ይሄዳል። የሦስቱ እግሮች ደኅንነት ምንም አይፈይድም። የቀረው የእጅ ፍሬን ነው፤ እሱም የሚይዘው የኋላውን ብቻ። ፎርድ ራሱ በ1967 ሞዴሉ የፊቱንና የኋላውን መስመር ለያየ። የአሜሪካ መንግሥትም ከ1968 ጀምሮ መለያየቱን በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ አደረገው። ፋብሪካው የጣለውን ጉድለት ማኅበሩ አንሥቶ ቅርስ አደረገው ማለት ነው!

ዲስክ ፍሬንንስ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ጠፍጣፋ ብረት ከሁለት ጎን ቆንጥጦ የሚያቆመውን፣ የማኅበሩ ዳኞች «ባዕድ» የሚሉት በምን አፋቸው ነው? ፎርድ በ1965 ተጨማሪ ለከፈለ ገዢ የፊት ዲስክ ይገጥም ነበር። የውድድር መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢ በዚያው ዓመት ጂቲ350 የተባለውን ሙስታንግ ሲሠራ ከፊት ታምቡር፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ እየገፋ የሚያቆመውን ከበሮ መሰል ፍሬን፣ አላስቀረም። ጃጓርማ በ1953 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የሌ ማን የመኪና ውድድር ያሸነፈው በዲስክ ነው። ታምቡር በረጅም ቁልቁለት ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ሹፌሩ አጥብቆ በረገጠ መጠን የሚያገኘው እያነሰ ይሄዳል። ዲስክ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል። እነዚሁ ዳኞች በዚያ ዘመን ሙስታንግ ላይ ያልነበረውን ራዲያል ጎማ ሲያዩ ግን ትንፍሽ አይሉም።

ከሙዚየም ለማይወጣ መኪና የድሮው ፍሬን ይሁንለት። አስፋልት ላይ ለሚወጣ መኪና ግን ይህ ውሳኔ ሰው ማስጨረሻ ነው። «ፍሬን ሲቀይሩ ሥራውን የሚያበላሹ አሉ» ለሚሉትም መልስ አለ፦ ከፊት ዲስክ ገብቶ ከኋላ ታምቡር ሲቀር የኋላው ቀድሞ እንዳይነክስ የግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ ያስፈልጋል። ዳኛው ከመኪናው ሥር ገብቶ ቫልቩን ይፈልግ፣ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ በእጁ ይዳስስ፤ በትክክል ለተሠራውም ነጥብ ይጨምርለት።