ለአንድ ሰው የሚበቃ ድስት

ጉዞ በሚወዱ የከተማ ልጆች ዘንድ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ አዲስ ጾም ገብቷል፤ ይኸውም የግራም ጾም ነው። ጾመኛው ሥጋም ቅቤም አልተከለከለም፤ የተከለከለው ክብደት ነው። ማናቸውም ዕቃ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ወደ ጀርባ ቦርሳው አይገባም፤ የጥርስ ብሩሹ እጀታ ከወገቡ ይቆረጣል፣ በሸሚዙ አንገት ላይ የተሰፋችው ምልክት በምላጭ ትፈታለች፣ ማንኪያና ሹካ በአንድ እጀታ ላይ ይጋባሉ። እነዚህ ሁሉ ግን ጥቃቅን ትሩፋቶች ናቸው፤ የጾመኛው ጽናት በእውነት የሚፈተነው ድስት በሚመርጥበት ጊዜ ነው።

ደሴ ውስጥ የዚህ ጾም ጽኑ ተከታይ የሆነ ወዳጅ አለኝ። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዱ የላከለትን ባለ 750 ሚሊ ሊትር የታይታኒየም ድስት፣ "የሽንኩርት ሚዛን አይታመንም" ብሎ ወደ ወርቅ ቤት ወስዶ አስመዘነው። ወርቅ ሠሪው ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ አየና ስንት ካራት እንደሆነ ጠየቀ፤ ካራት እንደሌለው በተነገረው ጊዜም በትዕግሥት መዝኖ "103 ግራም" አለ፤ አስከትሎም፣ "ወንድሜ፣ ባዶውን ከምታስመዝን ወጡን ይዘህ ብትመጣ ይሻል ነበር" ሲል መከረው። ወዳጄ ምክሩን አልሰማም፤ ቁጥሯን በማስታወሻው መዝግቦ ፊቱ በርቶ ወጣ።

ለነገሩ ድስቱ የሚናቅ አይደለም። የማይዝግ ብረት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወደ 8 ግራም፣ ታይታኒየም 4.5 ግራም፣ አሉሚኒየም ደግሞ 2.7 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህ ስሌት አሉሚኒየም ሁሉንም ማሸነፍ ነበረበት፤ ሆኖም ታይታኒየም እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ግድግዳው በጣም ስስ ሆኖ ቢሠራም ስለማይጎብጥ፣ ተመሳሳይ መጠን ካለው የአሉሚኒየም ድስት ብዙ ጊዜ በጥቂት አሥር ግራሞች ቀልሎ ይገኛል። ጥቂት አሥር ግራም ማለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ነው። መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጉንጭ ውሃ አስቀድሞ ቢጠጣ ያንኑ ክብደት ከጀርባው ወደ ሆዱ ባዛወረ ነበር፤ ይህ ግን ገንዘብ ስለማያስወጣ እንደ ብልሃት አይቆጠርም።

ችግሩ እሳት ላይ ይጀምራል። አሉሚኒየም ሙቀትን በማስተላለፍ ታይታኒየምን በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ስለዚህ የአሉሚኒየሙ ድስት ከሥሩ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ዳር ዳሩ ሲያካፍል፣ ታይታኒየሙ ነበልባሉ ባረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ይግልና ሌላውን ይረሳዋል። ውሃ ራሱ እየተገላበጠ ሙቀቱን ስለሚያዳርስ ለውሃ ይህ ጉዳት የለውም፤ ሻይ ለማፍላትና ኢንዶሚ ለማራስ ከታይታኒየም የተሻለ ዕቃ መመኘት አያስፈልግም። ሽሮ ግን ውሃ አይደለም። ሽሮ ቀስ እያለ መንተክተክ፣ መማሰል፣ መታገሥ የሚፈልግ ምግብ ነው፤ ወዳጄ በዚያች ድስት ሲሠራው መካከሉ አርሮ ዳሩ ጥሬ ሆኖ ወጣ። እርሱ የጢስ ቃና ያለው አዲስ ጣዕም አገኘሁ ብሎ ለእናቱ ወሰደላቸው፤ እርሳቸውም ሳይቀምሱ አሽትተው ብቻ መለሱለት።

በመንገድ ላይ ማብሰል የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ላዩ በኤሌክትሪክ ዘዴ የጠነከረውን አሉሚኒየም ቢይዝ ይሻለዋል። ቴፍሎን የተቀባው ለማጠብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል ቅቡ መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶ ድስት እሳት ላይ ጥሎ ወሬ የሚይዝ ሰው ደግሞ በአገራችን አይጠፋም። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በሰፈር የሚሠራው ድስት ርካሽ ቢሆንም ከባድ ነው፤ እርሳስም ሊኖርበት ስለሚችል ለጉዞም ለቤትም አልመክረውም።

ከድስቱ ዓይነት ይልቅ የሚያስጨንቀው የአገሩ ከፍታ መሆን ነበረበት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከላሊበላ በላይ ወዳለው፣ ከ4,200 ሜትር ወደሚበልጠው አቡነ ዮሴፍ ተራራ የወጣ ሰው ደግሞ ወደ 86 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። እዚያ ላይ የተጣደ ባቄላ ሲፎክር ያድራል እንጂ አይበስልም፤ ነዳጁ ያልቃል፣ ባቄላው ይቀራል። ስለዚህ ሰፋ ያለ መቀመጫና የሚገጥም ክዳን ያለው ድስት፣ ነፋስ መከለያ፣ አስቀድሞ የተቆላና የተፈጨ ስንቅ ከታይታኒየሙ ይልቅ ይጠቅማሉ። ወዳጄ ክዳኑን ቤቱ ትቶት ሄደ፤ ክዳኑ ይመዝናላ። በክዳኑ ያዳነውን ክብደት በነዳጅ መልሶ ተሸከመው። ከመንገደኛው ምድጃ ጋር የሚገጥመው ትንሹ የጋዝ ጣሳ ድስቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ይህ በእውነት የሚደነቅ ብልሃት ነው። ነገር ግን ጣሳውን በአውሮፕላን መጫን ክልክል ነው፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ደግሞ በርበሬም ማረሻም ጨውም አለ፣ እርሱን ግን ሲሸጥ አላየሁም። በመጨረሻ የታይታኒየሙ ድስት በኩበት እሳት ላይ ተቀመጠና ጥቀርሻ ለበሰ፤ ከዚያ በኋላ ከጎረቤት ድስት የሚለየው ዋጋው ብቻ ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ በውጭው ዓለም የዚህ ጾም ሊቃውንት በመጨረሻው የትሩፋት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ታይታኒየሙንም ይንቁትና የቢራ ጣሳ አፉን ቆርጠው ድስት፣ የድመት ቀለብ የታሸገበትን ቆርቆሮ በስተው የአልኮል ምድጃ ያደርጋሉ። የቲማቲም ጣሳን ሻይ ሲያፈላበት የኖረ የአምባሰል እረኛ እንግዲህ ሳያውቀው ከዚህ ማዕረግ ደርሶ ኖሯል። አሜሪካዊቷ ኤማ ጌትዉድም በ1955 እ.ኤ.አ. በ67 ዓመታቸው ከ3,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአፓላቺያን የተራራ መንገድ ብቻቸውን ሲፈጽሙ፣ ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት በትከሻቸው ጥለው፣ በአብዛኛው እሳት የማይሻ ምግብ እየበሉ ነበር። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም የሚወጡ እናቶች ቢያገኟቸው ኖሮ ከነጠላቸው ጫፍ በሶ ፈትተው፣ በቅል ውሃ በጥብጠው ያቀርቡላቸው እንደነበር አልጠራጠርም። በሶ ድስት አይፈልግም፣ ነዳጅ አይፈልግም፣ ከፍታም አይፈራም፤ ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ፎቶ ሲነሣ አያምርም።

ይህ አገር ከሸክም ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። አፄ ቴዎድሮስ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በሰው ጉልበት ነው፤ እርሳቸውን ሊወጋ በ1860 ዓ.ም. የመጣው የናፒየር ጦር ደግሞ ከህንድ ያስመጣቸውን 44 ዝሆኖች አስከትሎ ነበር። በዚያው መቅደላ ግርጌ ወዳጄ ተቀምጦ የድስቱን መያዣ ቢፈታው ስንት ግራም እንደሚቀንስለት ሲያሰላ ሳየው፣ ታሪክ ወደፊት እየሄደ ነው ወይስ ወደኋላ የሚለውን ለመወሰን ተቸገርሁ።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ግን የዕቃ ጉዳይ ነው፤ ዕቃ ደግሞ በገንዘብም በብልሃትም ይስተካከላል። ሊስተካከል ያልቻለው በድስቱ ሥር የተጻፈው "ለአንድ ሰው" የሚለው ነው። የሠሩት ሰዎች ማዕድኑን፣ ውፍረቱን፣ የፈላውን ውሃ መጠን ሁሉ ፈትነዋል፤ በወሎ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሊገኝ ይችላል ወይ የሚለውን ግን አልፈተኑም።

ወዳጄ መቄት ላይ ያጋጠመውን እንደነገረኝ ልንገራችሁ። ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ ማንንም ላለማስቸገር ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ድስቱን ጣደ። ውሃው ሳይሞቅ ሦስት እረኞች፣ ውሃው ሲሞቅ ሰባት ልጆች፣ ሊፈላ ሲል ደግሞ ዘንግ የያዙ አንዲት አሮጊት መጡ።

"ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ሜዳ ላይ የምትቀቅል? በዚህ አገር ሰው የለም ወይ?"

"እማማ፣ ላስቸግር አልፈለግሁም ብዬ ነው።"

"እንግዲያ ሜዳ አሳድረን አላፊ አግዳሚ እንዲሰድበን ነው? ከማን ጋር ተጣልተህ ነው ብቻህን የምትሄድ?"

"ከማንም አልተጣላሁም፤ ለመዝናናት ነው።"

አሮጊቷ መልሱን ለጊዜው በይደር አቆዩትና ጎንበስ ብለው ድስቷን አዩአት። "ይህችስ ለማን ናት?"

"ለእኔ ናት፤ ራቴ ናት።"

"ሆድህን ያምሃል?"

ወዳጄ ስለ ግራም ሊያስረዳቸው ሞከረ። እርሳቸውም በአዘኔታ እየሰሙ ቆዩና፣ ድስቷን ከነውሃዋ አንሥተው ለአንዱ ልጅ አስያዙት፤ ቦርሳውን ለሌላው አሸከሙት፤ እርሱን ራሱን በክንዱ ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ስለዚህ ወዳጄ የሸክሙን ክብደት ወደ ዜሮ ለማውረድ ለዓመታት ሲደክምበት የነበረው ነገር በአንዲት አሮጊት ትእዛዝ በቅጽበት ተፈጸመ። ቤት ውስጥ እንጀራው ቀረበ፤ "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን" እየተባለ ጎረሰ፤ ታይታኒየሟ ድስት ደግሞ ለትንሹ ልጅ የአሬራ መጠጫ ሆነች። ልጁ ሲነጋ አልመልስም ብሎ አለቀሰ።

ደግሞም ድስት በወሎ ምድር ዝም ብሎ ድስት አይደለም፤ ጥያቄ ይጠየቃል። በአንዱ ቤት ሥጋ ተቀቅሎበት እንደሆነና ሥጋው የእስላም ይሁን የክርስቲያን ይጠየቃል፤ በሌላው ቤት የጾም ነው ወይስ የፍስክ ይባላል። ሁለት ድስት ያለው ባላገር ለሁለቱም መልስ አለው፤ ክብደት ለመቆጠብ አንድ ብቻ የያዘው መንገደኛ ግን መልስ የሚኖረው ድስቱ ሥጋም ቅቤም ካልነካው ብቻ ነው። ወዳጄን ያዳነው ሽሮ ማሳረሩ ነበር፤ ድስቱ ከሽሮና ከውሃ በቀር ምንም እንዳልነካው ሽታው መሰከረለት።

ቡናው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ሰው በአጥር ሥር ተቀምጦ የተፈጨ ቡና በብረት ኩባያ በጥብጦ ብቻውን ሲጠጣ ቢታይ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ አቦል ቶና በረካ የሚባለውን ሥርዓት ጥሶ እንደ ተደበቀ ወንጀለኛ ነው የሚቆጠረው። ስስ የብረት ኩባያ ከንፈር እንደሚያቃጥል የታወቀ ነው፤ ወዳጄ ግን ያቃጠለው ኩባያው ሳይሆን የባለቤቲቱ አስተያየት እንደነበር ነግሮኛል። "አብሽር፣ ልጄ፤ እኛም ቡና አለን" ብለው አስገቡት፤ ከዚያ ሲወጣ ፀሐይ ጠልቃለች፣ የዕለቱ የጉዞ ዕቅድም አብሮ ጠልቋል።

የሚገርመው የሂሳቡ መዝጊያ ነው። ግራም ቆጣሪው መንገደኛ በየቀኑ ስንቁን እየበላ ስለሚሄድ ቦርሳው እየቀለለ መምጣት አለበት። ወዳጄ ወደ ደሴ ሲመለስ ግን ከአንዱ ቤት የተጨመረለት ቆሎ፣ ከሌላው ቤት በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድስቱ ውስጥ ደግሞ አፉን በኮባ ቅጠል የታሰረ የማር እንጀራ ነበረው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" ብለው የተረቱት ሰዎች፣ ሃምሳውም ሰው ሎሚውን ሰብስቦ ለአንዱ መንገደኛ ቢያሸክመው ምን እንደሚሆን አልነገሩንም።

ወደ ወሎ ብቻዬን እሄዳለሁ የሚል ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው አጭር ነው። ባለ አንድ ሊትር ተኩል የአሉሚኒየም ድስት ከነክዳኑ ይያዝ፤ ውስጡ አንዱ በአንዱ የሚገቡ ሦስት አራት ኩባያዎች ይደርድርበት፤ ሻይ ቅጠሉንና ስኳሩን ለሚመጣው ሁሉ የሚበቃ ያድርገው። ሻይ ጥዶ "ኑ፣ ጠጡ" ያለ መንገደኛ ስለ ብቸኝነቱ የሚጠይቀው የለም፤ የሚያስጨንቀው ነገር ቢኖር ስኳሩ ማለቁ ነው።

ወዳጄም በመጠኑ ተለውጧል። ባለ 750 ሚሊ ሊትሯን ድስት ለመቄቱ ልጅ በመንገደኛ ልኮለታል። አሁን በየድረ ገጹ ሌሊት ሌሊት የሚፈልገው የታይታኒየም ጀበና ነው፤ የሲኒዎቹን፣ የረከቦቱን፣ የከሰሉንና የዕጣኑን ግራም ደምሮ ጨርሷል፤ ፈንዲሻው ላይ ደርሶ፣ ከመፈንዳቱ በፊት ይመዘን ወይስ ከፈነዳ በኋላ በሚለው ላይ ከወርቅ ሠሪው ጋር እየተከራከሩ ናቸው።